ምዕራፍ 7፦ ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት

ጥቅምት ሲገባ የራያ ቆላ ውሻ እንቅልፍ የለውም። ከጎብዬ ተነስቶ በሮቢትና በቆቦ በኩል እስከ ዋጃ በሚዘረጋው ሜዳ ማሽላው ፍሬ ቋጥሮ ሲያጎነብስ፣ ባለ እርሻው ማማው ላይ ያድራል፤ ውሻው ከማማው ሥር። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጅብ፣ አንዳንዴም የሰው እጅ ይመጣል፤ ሁሉንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ይህን ሥራ አስተማርኩት የሚል ሰው የለም። ሆኖም ጌታው በጨለማ «ጃስ!» ሲለው ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ «ተው!» ሲለው ይመለሳል፤ የቤቱን በግ ከጎረቤት በግ፣ የሚያውቀውን እግር ኮቴ ከማያውቀው ይለያል።

«ጃስ» የገባው ውሻ «አምጣ»ም ይገባዋል። ጫማ፣ ቁልፍ፣ ገመድ ወይም ከዘራ ተልኮ ይዞ መምጣት በፊልም ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ይመስለናል። እውነቱ ግን ደጃፋችን ላይ ታስሮ የሚውለው የሀበሻ ውሻ ሊማረው የሚችለው ሥራ መሆኑ ነው። የራያ ገበሬ ደግሞ ለእንስሳ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ወይፈን ገርቶ ለቀንበር ያበቃል፤ ግመል አንበርክኮ ይጭናል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይሆን፣ በቁጣም እንደማይሆን ያውቃል። ውሻው ጋ ሲደርስ ግን ያን ትዕግሥት እንረሳዋለን፤ ድንጋይና ዱላ ይቀድመናል። ይህ ምዕራፍ ውሻን መላክ እንዴት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ ለምን በዱላ እንደማይቻልም ያስረዳል።

ውሻ ምን ያህል ይገባዋል?

ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 15,000 ዓመት ሆኖታል። ከበግም፣ ከላምም፣ ከፈረስም ቀድሞ የለመደን እንስሳ እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን በሰው ደጅ ተርፎ የተራባው የሰውን ፊት፣ የሰውን እጅና የሰውን ድምፅ ማንበብ የቻለው ነው። ብራያን ሄርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከተደፉ ዕቃዎች ከአንዱ ሥር ምግብ ደብቀው ሰው በጣቱ ወደ ትክክለኛው እንዲጠቁም አደረጉ። ውሾቹ፣ ቡችላዎቹ ሳይቀሩ፣ ወደ ተጠቆመው ሄዱ። በሰው እጅ ያደጉት ተኩላዎችም ሆኑ በዘር ለእኛ የሚቀርቡት ቺምፓንዚዎች ግን እንደ ውሻው አልሆነላቸውም።

የዕቃ ስም በመማርም ዝናቸው የወጣ ውሾች አሉ። ሪኮ የተባለው የጀርመን ቦርደር ኮሊ ከ200 በላይ ዕቃዎችን በስማቸው ለይቶ ያመጣ እንደነበር ዩሊያኔ ካሚንስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 አረጋገጡ። በአሜሪካ ጆን ፒሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ቼዘር የተባለች ውሻቸውን ሦስት ዓመት አስተምረው 1,022 መጫወቻዎችን በስም እንድትለይ አደረጉ።

ይህን ያነበበ ሰው ነገ ጠዋት ውሻውን «ማንኪያ»፣ «መጥረጊያ»፣ «ጃንጥላ» እያለ ማስጠናት ሊጀምር ይችላል። መጀመሪያ ግን ሌላ ጥናት ማየት ያስፈልጋል። በቡዳፔስት የኤትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 40 ውሾችን የሁለት መጫወቻዎች ስም ብቻ ለማስተማር ሦስት ወር ደክመዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ስሙን የለዩት 7 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም 6ቱ ከጥናቱ በፊትም የዕቃ ስም ያውቁ የነበሩ ናቸው። ሪኮና ቼዘር በውሾች መካከል እንደ ሊቅ የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኛው ውሻ ዕቃን የሚለየው ከስሙ ይልቅ በቦታው፣ በሽታውና በጌታው ጣት ነው።

ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ወሬ አይደለም፤ መንገዱን ያሳየናል። ለቤት አገልግሎት ሺህ ስም አያስፈልግም። ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ እንምረጥ፤ ለእያንዳንዱ የማይለወጥ ቦታ እንስጠው፤ «አምጣ» ስንል ደግሞ በእጃችን እንጠቁም። ጫማው ሁልጊዜ ከመደቡ ሥር፣ ገመዱ ከበሩ ጀርባ፣ ከዘራው ከምሰሶው ሥር ይሁን። ውሻው ከጣታችን አቅጣጫውን፣ ከልማዱ ቦታውን፣ ከአፍንጫው ዕቃውን ያገኛል። ቃሉ የሚላክበትን ሰዓት ይነግረዋል።

ለማን ይጠቅማል?

ውሻን ለሰው ችግር አሠልጥኖ የመስጠት ሥራ በትምህርት ቤት ደረጃ የተጀመረው ከጦርነት ቁስል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመርዝ ጋዝና በፍንዳታ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መንገድ የሚመሩ ውሾችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በጀርመን ኦልደንበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 ተከፈተ። ዕቃ የሚያቀብል ውሻ ግን ብዙ ዘገየ። አሜሪካዊቷ ቦኒ በርጊን እ.ኤ.አ. በ1975 በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች የወደቀ ዕቃ የሚያነሱ፣ በር የሚከፍቱ ውሾችን ማሠልጠን ስትጀምር ብዙዎች አይሆንም ብለዋት ነበር። አብዱል የተባለው የመጀመሪያው ውሻዋ እንደሚሆን አሳየ፤ ዛሬ ሥራው በብዙ አገር የታወቀ ሙያ ነው።

እኛም አገር የሠለጠነ ውሻ አዲስ ነገር አይደለም። የፌዴራል ፖሊስ በውሾች ይጠቀማል፤ ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት በኋላ የተቀበረ ፈንጂ ለማጽዳትም እያሸተቱ የሚፈልጉ ውሾች ተሰማርተዋል። የቀረን ይህን እውቀት ወደ ቤት ማምጣት ነው።

በራያ ቤት ማን እንደሚጠቀምበት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጉልበታቸው የከዳቸው አዛውንት ጎንበስ ብለው ጫማ ማንሳት ይከብዳቸዋል። የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ እናቶች የወደቀ ቁልፍ በእጃቸው እየዳሰሱ ይፈልጋሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦና በአካባቢዋ ደጋግሞ ተመላልሷል፤ እግር ወይም እጅ ያጣ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት የአካል ተሐድሶ ማዕከል ደሴ ላይ አለ። ይሁን እንጂ ሰው ሠራሽ እግር ያለውም ቢሆን ማታ አውልቆት አልጋው ላይ ሲቀመጥ፣ ክራንቹ ከክፍሉ ማዶ ከቀረ፣ ልጅ እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታው ነው። ውሻ የልጅንም የጎረቤትንም ቦታ አይተካም። ልጁ ትምህርት ቤት በሚውልበት፣ ጎረቤቱ ማሳ በሚወርድበት ሰዓት ግን ውሻው ቤት ነው።

ከሁሉ በፊት ጤና

ይህ ሥራ እጃችሁን ከውሻ ጥርስ መሃል የሚያስገባ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር የሰውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1885 ካስተዋወቀ ከ140 ዓመት በኋላም በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገምለት። የትኛውም ውሻ ቢነክሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ክትባቱ ከቤታችሁም አልፎ ይሄዳል። ከቆቦ በስተምዕራብ፣ ከላሊበላ በላይ ባለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ያለው ይህ እንስሳ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች ነው፤ ከሚጨርሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

ሁለተኛው የትል መድኃኒት ነው። በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ያ ውኃ የቋጠረ እብጠት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ ዕንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፤ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ተመሳሳይ እብጠት ያበቅላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ከውሻው ጋር ከተለማመዳችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ምን ይምጣ፣ ምን አይምጣ

በቆቦ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ውሻ ያሳድጋል፤ ሁለቱም ቤት ግን ድንበር አለ። በእስልምና አስተምህሮ ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ደግሞ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ታዟል። በክርስቲያኑም ቤት ውሻ ከማዕድ አይጠጋም። ይህ ልማድ ትምህርቱን አያከብደውም፤ እንዲያውም ያቀልለታል። ጣሳ፣ ማንኪያ፣ መሶብ፣ የጸሎት ልብስና የስግደት ምንጣፍ ከዝርዝሩ ይውጡ። ቢላና ማጭድ፣ መድኃኒት፣ ብርጭቆ፣ ሊዋጥ የሚችል ትንሽ ነገር አይነካ። የቀረው ነጠላ ጫማ፣ ገመድ፣ ባዶ ትንሽ ጀሪካን፣ ቁልፍ፣ ክራንችና ከዘራ ነው።

ዕቃውን ለአፉ ማመቻቸትም የእናንተ ድርሻ ነው። ውሻ ብረት በጥርሱ መያዝ አይወድም፤ ስለዚህ ቁልፉን ከአንድ ስንዝር ጨርቅ ጋር እሰሩት። የጨርቁ ቀለም ቢጫ ወይም ሰማያዊ ይሁን። ውሻ እነዚህን ሁለቱን አጥርቶ ያያል፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታቱበታል። ቀይ ጨርቅ አረንጓዴ ሣር ላይ ቢወድቅ በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው የሚያገኘው። ቢጫው ጀሪካን ለእሱ ከሩቅ ይታያል።

ደመወዙ

ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ምርምሩ ነው። በዚያው ሥራ ላይ እያለ ግን ውሾች ምግብ ከመቅረቡ በፊት፣ ምግብ የሚያመጣውን ሰው ሲያዩ ብቻ ምራቃቸው እንደሚመጣ አስተዋለ። ምግብን ሁልጊዜ የሚቀድም ምልክት ውሎ አድሮ ራሱ እንደ ምግብ ይሆናል። አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህን ወደ ማስተማሪያ ለወጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ በጻፈው ጽሑፍ፣ እንስሳው ትክክል በሠራበት ቅጽበት አጭር ድምፅ አሰምቶ ምግቡን ማስከተል እንደሚበቃ አሳየ። ድምፁ «ይህን ነው የወደድኩት» ይላል፤ ምግቡ ሂሳቡን ይዘጋል።

ለእኛ ድምፁ ከተዘጋጀ ቆይቷል፤ «ጎሽ!» አጭርና ግልጽ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ያለ ምንም ትእዛዝ «ጎሽ» በሉና ቁራሽ ስጡት። ጆሮውን አቁሞ ወደ እጃችሁ ማየት ሲጀምር ቃሉ ገብቶታል። ከዚያ ወዲያ «ጎሽ» የሚባለው በሠራበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድ ከዘገየ ውሻው ዕቃውን ጥሎ መሬት እያሸተተ ነው፤ የተከፈለውም ለማሽተቱ ይሆናል።

ቁራሹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥ። ድርቆሽ፣ የዳቦ ልብ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም በደንብ የበሰለ ሥጋ ይሆናል። በጾም ወራት ሥጋ የማይገባበት ቤት በድርቆሽ ብቻ ያስተምራል፤ ዋናው ነገር ውሻው ሳይጠግብ፣ ከምግቡ ሰዓት በፊት መጀመር ነው። ሽንኩርት ያለበት ወጥ፣ ዘቢብና ቸኮላት ውሻን ይመርዛሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ሰዓቱም የደመወዙ ያህል ይቆጠራል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ያነድዳል። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ነው። ዕቃ በአፉ የያዘ ውሻ ደግሞ እንደ ልቡ ማለክለክ አይችልም። በቀትር ጫማውን ግማሽ መንገድ አምጥቶ ቢጥለው እምቢተኛ ሆኖ አይደለም፤ መተንፈስ ፈልጎ ነው። ማለዳ ወይም ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ አስተምሩት። በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ውኃ አጠገቡ ይኑር።

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው

አብዛኛው ሰው ትምህርቱን የሚጀምረው ዕቃ ወርውሮ «ሂድ አምጣ» በማለት ነው። ውሻው ይሮጣል፤ ይይዛል፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ይዞት ይጠፋል ወይም ተኝቶ ያኝከዋል። ጌታው ሊቀማው ይሮጣል፤ ውሻው ጨዋታ ይመስለዋል፤ ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። ትክክለኛው መንገድ የተገለበጠ ነው፤ መጀመሪያ የሚማረው መስጠትን፣ መጨረሻ የሚማረው መሄድን ነው።

በጨርቅ ኳስ ጀምሩ፤ ልጆች ከአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው በገመድ የሚያስሩትን ዓይነት። ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ኳሱን ከአፍንጫው ፊት ያዙት። ሲያሸት «ጎሽ» እና ቁራሽ። ይህ ሲለመድ ማሽተቱን ማመስገን አቁሙና ጠብቁ። ግራ ይገባዋል፤ አንዴ ይልሰዋል፤ አንዴ በከንፈሩ ይገፋዋል፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ ይነክሰዋል። በዚያች ቅጽበት «ጎሽ!» በሉ፤ ቁራሹንም ደርቡለት። ከሁሉም ደረጃ ትዕግሥት የሚፈልገው ይህ ነው። አፉን በግድ ከፍታችሁ አታጉርሱት፤ በግድ የያዘ ውሻ ዕድሉን ሲያገኝ ይተፋዋል።

ሲነክሰው ኳሱን ልቀቁለት፤ የሌላ እጃችሁን መዳፍ ከአገጩ ሥር ዘርጉ። ሲጥለው መዳፋችሁ ላይ ይወድቃል፤ «ጎሽ»። ውሎ አድሮ ራሱ መዳፋችሁን እየፈለገ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ «ስጥ» የሚለውን ቃል ጨምሩ። ቀጥሎ ኳሱን ከእጃችሁ ወደ ጉልበታችሁ፣ ከጉልበታችሁ ወደ መሬት፣ ከመሬት አንድ ክንድ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እየተነሳ ያመጣዋል፤ ምክንያቱም የመንገዱን መጨረሻ ያውቀዋል። ርቀቱን እስከ ግቢው ማዶ፣ ከዚያም ከዓይን ወደተሰወረ ቦታ፣ ከበሩ ጀርባ አድርሱት።

«አምጣ» የሚለው ቃል የሚገባው አሁን ነው፤ ሥራው ከተሟላ በኋላ። ቃሉ ቀድሞ ከገባ ውሻው ከግማሽ ሥራ፣ ከማኘክና ከመሮጥ ጋር ያያይዘዋል። ሥራው ሲሟላ ከገባ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ይሆናል። «ያዝ» የሚለውን ቃል ግን በፍጹም አትጠቀሙ። እንደ «ጃስ» ሁሉ በዚህም ቃል ውሻ ሰው ላይ ስለሚለቀቅ አደጋ አለው። ቤተሰቡም በአንድ ቃል ይስማማ። አባት «አምጣ»፣ ልጅ «አቀብለኝ»፣ እናት «ና በል» ካሉት ውሻው ሦስት እንግዳ ቋንቋ ነው የሚሰማው።

ኳሱን በጫማ፣ ጫማውን በገመድ መተካት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ግን ከመዳፍ ጀምራችሁ ደረጃዎቹን በፍጥነት ድገሙ። ሁለት ዕቃ ሲያውቅ ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀምጡና ወደ አንዱ እየጠቆማችሁ ላኩት። ሌላውን ካመጣ አትቆጡት፤ ቁራሽም አትስጡት። ዝም ብላችሁ ተቀበሉት፣ ወደ ቦታው መልሱትና እንደገና ጠቁሙ። ሳይከፈለው ከመቅረት የበለጠ ቅጣት አያስፈልገውም።

ከዘራው

ለአዛውንት ቤት ከሁሉ የሚጠቅመው ዕቃ ከዘራ ነው፤ ለውሻው ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ምክንያቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ራያ ዱላ የማይለይበት አገር ነው፤ እረኛው፣ መንገደኛው፣ ሽማግሌው ሁሉ ይይዛል። የመንደር ውሻ ደግሞ ዱላን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ከዘራ ስታነሱ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፤ ጅራቱ ከእግሮቹ መሃል ይገባል፤ የዓይኑ ነጭ ይታያል፤ ሆዱ ወደ መሬት ይቀርባል። እንዲህ የሚያስፈራውን ዕቃ በአፉ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ከባድ ጥያቄ ነው።

ይቻላል፤ ግን በእሱ ፍጥነት። ከዘራውን መሬት ላይ አጋድሙትና ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ድርቆሽ በዙሪያው በትኑ፤ መጀመሪያ በሁለት ክንድ፣ በየቀኑ እያቀረባችሁ፣ በመጨረሻ በራሱ በእንጨቱ ላይ። ሲበላ አትናገሩ፤ አትነሱ። ጅራቱ ከእግሮቹ መሃል ሲወጣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። እግራችሁን ወደ ከዘራው አቅርቡ፤ ከዚያ መሬት እንዳለ በጣታችሁ ንኩት፤ ከዚያ በስንዝር አንሱት። በእያንዳንዱ ደረጃ «ጎሽ» እና ቁራሽ። ከዘራው እየተነሳ ምንም ክፉ እንዳልመጣ ደጋግሞ ሲያይ፣ ፍርሃቱ ቦታውን ይለቃል። በዚህ መሃል ከቤተሰቡ አንድ ሰው አንዴ ቢመታው የሳምንታት ሥራ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ልጆቹም ጭምር ይስማሙ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የአያያዝ ጉዳይ ነው። ውሻ ረጅም እንጨት ከመሃሉ ከያዘ በሩ መቃን ላይ ይጋጫል፤ ደንግጦም ይጥለዋል። ከእጀታው አጠገብ አንድ መዳፍ በሚያህል ስፋት ጨርቅ ጠምጥሙበት። ጥርሱ አይንሸራተትም፤ ሽታውም የባለቤቱ እጅ ሽታ ስለሆነ በቀላሉ ያገኘዋል። ከዚያ በኩል ይዞ ጫፉን መሬት ላይ እየጎተተ በጠባብ በር ያልፋል። የተቀመጡት ሰው እጅ ላይ የሚደርሰውም እጀታው ይሆናል። ለክራንችም መንገዱ ይኸው ነው።

የሚያበላሹት

ሦስት ነገሮች ይህን ትምህርት ያበላሹታል። የመጀመሪያው ማሳደድ ነው። ውሻው ጫማ ይዞ ሲሮጥ ተከትላችሁ አትሩጡ፤ ወደ ኋላ ዙራችሁ በእርጋታ ራቁት፤ ይከተላችኋል። ሁለተኛው ያመጣውን መቅጣት ነው። ያልታዘዘውን ነጠላ አምጥቶ ሲሰጣችሁ ብትመቱት፣ የተማረው ዕቃ ይዞ ወደ እናንተ መምጣት እንደሚያስመታ ነው። ሦስተኛው ደመወዝ ማቋረጥ ነው። ከለመደ በኋላ በየጊዜው ቁራሽ መስጠት ላያስፈልግ ይችላል፤ «ጎሽ» እና መዳበስ ግን አይቅሩ፤ ቁራሹም አልፎ አልፎ ይመለስ።

በዚህ ምዕራፍ ከተነገሩት ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቁት ክትባቱና የትል መድኃኒቱ ብቻ ናቸው። የጨርቅ ኳሱ፣ ድርቆሹና አምስቱ ደቂቃ በየቤቱ አሉ። ቡችላም ሆነ ያደገ ውሻ ይማራል፤ ያደገው ትንሽ ይዘገያል፤ በዱላ ያደገው ከሁሉ ይዘገያል። ስለዚህ ውሻችሁን ለመላክ የምታስቡ ሁሉ ዛሬውኑ መምታት አቁሙ፤ በዚህ ሳምንት አስከትቡት፤ ከዚያ በማለዳ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡና የጨርቅ ኳሱን ከአፍንጫው ፊት ያዙለት።